እበት የሸተታት ከተማ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝ፤ የዛሬው ተረቴም ከላም በረት ይጀምራል።

በአንድ ኩሬ ዳር አንዲት ላምና ነገር መጠየቅ የምትወድ አንዲት ጢንዚዛ ነበሩ። ጢንዚዛዋ የላሟን እበት እያንከባለለች ስትኖር ላሟ ወለደች፣ መንጋ ሆነች፤ ወተት ፈላጊው በረቱን ከቦ ቤት ሠራ፣ ቦታውም ከተማ ሆነ።

አንድ ቀን አውራ ዶሮ ጣሪያ ላይ ወጥቶ፣ «እመት ላም፣ ከተማችንን እበት እበት አሸተትሽብን! ራቂልን!» አለ።

ጢንዚዛዋ ምግቧ ሊሄድባት ስለሆነ ደንግጣ፣ «አያ ዶሮ፣ የቆምክበት ቤት በምን ተለስኖ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«የጢንዚዛን ጥያቄ ማን ይመልሳል!» አለና ክንፉን አራገፈ።

ላሟ መንጋዋን ይዛ ሄደች። ጢንዚዛዋ ግን መጨረሻውን ለማየት ጓጉታ ቀረች። ወተት ጠፋ፣ ገበያው ተበተነ፤ በክረምት የተሰነጣጠቀውን ግድግዳ የሚለስኑበት እበት ታጣና ሰዉ ከተማውን ጥሎ ወጣ።

ጢንዚዛዋም ርቧት የላሟን ኮቴ ተከተለች። ከሌላ ኩሬ ዳር አዲስ በረት፣ ከበረቱም አጠገብ በእርጥብ እበት የተለሰነ ጎጆ አገኘች። ጣሪያው ላይ ያው አውራ ዶሮ ቆሟል። ጢንዚዛዋ አሁንስ ምን ይል ይሆን ብላ ጠጋ አለች።

«እመት ላም» አለ ዶሮው አንገቱን አስግጎ፣ «እዚህ ምን ይሸታል?»

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በወተት አርሱ።