የአቶ ወንድይፍራው ባዶ ቦታ

አንድ ሰው ነበረ፤ ጡረታ የወጣ መምህር። ሌላው ቴምብር ይሰበስባል፤ እሱ የሚሰበስበው ቆርቆሮ ነበር። አዎ፣ ቆርቆሮ! ምን ሊያደርግለት ትሉ ይሆናል። ስሙኝማ።

በጦርነቱ ዘመን፣ በዚያች የባቡር ጣቢያ ከተማ፣ ሳንቲም ከገበያ ጠፋ። ጨው የሚገዛ ሰው ብር ቢያወጣ መልስ የለም። ነጋዴዎቹ ምን አደረጉ? የጋዝ ጣሳ እየቆረጡ፣ ምልክታቸውን በምስማር እየወቀሩ፣ በመልስ ፋንታ ሰጡ። አንዱ ዓሣ፣ አንዱ ኮከብ፣ አንዱ ግመል። «ሳንቲም ሲገባ ይህን አምጡ፣ እከፍላለሁ» ማለት ነው።

መምህሩ የአሥራ አንድ ነጋዴዎችን ቆርቆሮ አገኘ። የአንዱ ብቻ ጠፋ፤ ቁልፍ የተወቀረበት። የማን መሰላችሁ? የገዛ አባቱ የአቶ ወንድይፍራው! አባቱ የሞተው እሱ ገና ሕፃን ሳለ ነው። በእጁ የሚይዘው አንዳች ነገር አልተወለትም።

ያስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ስብስቡን ለሕዝብ ሊያሳይ ቀን ቆረጠ። ጓደኞቹ «ለመሆኑ አባትህ ሱቅ ነበረው ወይስ ሱቅ በደረቴ?» እያሉ ይተርቡታል። አብሮ ይስቃል፤ ውስጡ ግን ያርራል።

በመጨረሻ የአባቱ ደንበኛ ወደነበሩት ወደ እማማ አስካለ ሄደ።

«እማማ፣ የአባቴ ቁልፍ አንድ እንኳ አልቀረዎትም?»

«ከየት ይቀራል ልጄ! ሳንቲም በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ገበያ መሐል ቆሞ ‹የኔን ቁልፍ የያዘ ይምጣ!› ብሎ ጮኸ። እየተቀበለ ከፈለ። ኋላ ማንም እንዳይታለልበት እያንዳንዷን በመዶሻ ጨፈለቃት።»

«ሁሉንም?»

«እኔማ አንዷን ወንዝ ስሻገር ጥያት ነበር። ስነግረው ‹ታዲያ ቃሌም አብሮ ወንዝ ገባ?› ብሎ ስቆ ከፈለኝ። ሌሎቹ ነጋዴዎች ግን ዛሬ ነገ ሲሉ ሳይከፍሉ ቀሩ። አንተ የሰበሰብከውኮ ያልተከፈለውን ነው።»

መምህሩ እዚያው አለቀሰ።

ቀኑ ደረሰ፤ ሕዝቡ መጣ። ሰሌዳው ላይ አሥራ አንድ ቆርቆሮ ተደርድሯል፣ በአሥራ ሁለተኛው ቦታ ግን የአባቱ ስም ብቻ አለ። «ይሄኛው ለምን ባዶ ሆነ?» ሲሉት ደረቱን ነፍቶ «የአባቴ ነው! ከፍሎ ጨርሶታል!» አለ።

እኔ የአቶ ወንድይፍራው ዘመድ አይደለሁም፤ ግን ኮራሁበት። እንዲህ ያለ ሰው ከመካከላችን ወጥቷል! እኛም ቃሉን የማያጥፍ አምላክ ልጆች ነን፤ ይህን ማድረግ እንችላለን።

ወገኖቼ፣ የእናንተ ቁልፍ በማን እጅ አለ? «እደውልልሻለሁ» ያላችኋት እህት የለችም? «ይቅር ብዬሃለሁ» ብላችሁት ከዚያ ወዲህ ደጁን ያልረገጣችሁት ወንድም የለም? እናንተ ረስታችሁት ይሆናል። የያዘው ሰው ግን አልጣለውም።

እኔ ራሴ ለአንድ የታመመ ወንድም «እመጣለሁ» ካልኩት ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ዛሬ ከዚህ መድረክ ወርጄ በቀጥታ እሱ ቤት ነው የምሄደው። እናንተስ ከዚህ ወጥታችሁ ወዴት ናችሁ?