በቀን ሦስት እንቁላል የምትጥለው ዶሮ

መልስ የማይጠፋት አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ነበረች አሉ። ስለ ሐበሻ ዶሮ ደክማ የጻፈችውን ጥናት በመጽሔት ልታሳትም ስትል፣ አማካሪዋ ፕሮፌሰር ደንበሩ ስማቸውን ከስሟ በላይ አሰፈሩት።

«ጋሼ፣ እኔ አይደለሁ እንዴ የሠራሁት?» ብትላቸው ተቆጡ።

«ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም! ማዕድ ሲቀርብስ ቀድሞ እጁን የሚታጠበው ማን ነው?»

እሳቸውም የሠሩ እንዲመስል «በሳምንት ሦስት እንቁላል ትጥላለች» የሚለውን «በቀን ሦስት» ብለው አርመው ላኩት፤ እንዲሁ ታተመ። የታተመ አይነካም ተብሎም እንዳለ የመመረቂያ ጥናቷ አንድ ምዕራፍ ሆነ።

ጥናቷን በምታቀርብበት ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ምዕራፉን አዩና፣ «በቀን ሦስት? ይቺ ዶሮ ናት ወይስ ፋብሪካ?» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ፕሮፌሰር ደንበሩ እርማታቸውን ረስተውት ኖሮ ከሁሉ ቀድመው ጠረጴዛውን ደበደቡ። «ምን ዓይነት ቅሌት ነው! በይ መልሺ! ካልመለስሽ ዶክትሬቱን እርሺው!»

ልጅቷ ከወገቧ ጎንበስ አለች። ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ጉርሻ ወደ ፕሮፌሰሩ አፍ አስጠጋች፦

«ኧረ ጋሼ፣ ስምዎ ከላይ ተቀምጦ እኔ ልቅደም? ቀድመው የታጠቡት እርስዎ ነዎት፤ በሞቴ፣ ይጉረሱ!»