ውሃ የጠጣች ታንኳ

«ሃያ ስምንት ተማሪ፣ ሃያ ስምንታችሁም አራት ነጥብ!» አሉ ዶክተር መንገሻ፣ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ እያሰለፉ። «ወረርሽኙ ደስታ ይዞ ነው እንዴ የገባው? በዚህ የጭንቀት መጠይቅ ከአምስት በታች ያመጣ አእምሮው ደኅና ነው ብዬ ያስተማርኳችሁ እኔው ነኝ። ያንኑ መለሳችሁልኝ!»

ቢሮው ውስጥ ብቻዋን ፊታቸው የቆመችው እስከዳር በማስኳ ሥር ሳቀች። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ናት፤ ሌላው ተማሪ ወደየቤቱ ሲሸኝ የእሷ ክፍል በፈቃዱ ቀርቶ የኮሮና ሕሙማንን ሲያስታምም ሁለተኛ ወሩ ነው። እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ማንጋት ከጀመረች ሦስት ሳምንት ሆናት። ትናንት የአንድ አባትን መድኃኒት እጥፍ አድርጋ አዘዘች፤ ለሕመምተኛው ሳይሰጥ ነርሷ ደረሰችበት።

«እውነቱን ብጽፍ ከዎርድ ያወጡኛል?» አለች። «ጓደኞቼ እየሠሩ እኔ ልተኛ? አባዬ ለሰፈሩ ሁሉ ‹ልጄ ግንባር ላይ ናት› ብሏል እኮ።»

ዶክተሩ ወንበር ሳቡላት።

«አንድ ሰው ነበረ፤ ታንኳ ቀዛፊ። ታንኳው ሐይቅ ዳር ከሚበቅል ሣር፣ ከደንገል የተሠራች ናት። ደንገል ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ በዚያ ሐይቅ ዳር ቀዛፊ ሁሉ ታንኳውን አውጥቶ፣ ዛፍ ላይ አስደግፎ፣ ፀሐይ ያስመታል። ታዲያ ማዶ በሽታ ገባ። ሰውየው መድኃኒት ያደርስ፣ ሕመምተኛ ያመላልስ ጀመር። ‹የእሱ ታንኳ መሬት አታውቅም› ብሎ አገሩ አመሰገነው። ኮራ፤ ኩራቱም ይገባው ነበር። ታንኳዋ ግን በየቀኑ ዝቅ፣ ዝቅ አለች። ‹ኧረ መቀመጫዬ ራሰ› የሚል ተሳፋሪ ሲገጥመው ‹ሐይቁ ሞልቶ ነው› ይላል።

«አንድ ጠዋት አንዲት እናት የታመመ ልጇን አዝላ መጣች። ሰውየው መቅዘፊያውን አነሣ። የሕፃኑን እግር አየ። የታንኳዋን ጠርዝ አየ፤ ውሃው ሊያልፈው አንድ ጣት ቀርቶታል። ያን ጊዜ፣ አገር እያየው፣ ታንኳዋን ጎትቶ አወጣና ዛፉ ላይ አቆማት። ውሃው ተንዠቀዠቀ። ‹እቴ፣ በዚያ ሰው ታንኳ ተሻገሪ። የእኔዋ ጠጥታለች› አለ። ማንም አልሰደበውም። ሕፃኑ ተሻገረ። ከሰዓት በኋላ ሌላው ቀዛፊ የራሱን አወጣ፤ ሌላውም ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ በተራ ቀዘፉ። በሽታው እስኪያልፍ ድረስ አንድም ታንኳ አልሰጠመም። ሽማግሌዎቹ ዛሬም ያንን ዛፍ ለእንግዳ ሲያሳዩ ደረታቸው ይነፋል።»

ዶክተር መንገሻ ወደ እስከዳር ዞሩ።

«ታንኳዋም ቀዛፊውም አንቺ ነሽ። መራስሽ ስንፍና አይደለም፤ ስንት ሰው እንዳሻገርሽ ነው የሚመሰክረው። አዎ፣ ለጥቂት ቀን ከዎርድ አወጣሻለሁ። እመልስሻለሁም። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር እንደ እናንተ ያኮራኝ ክፍል የለም። እንደ እናንተ የዋሸኝም የለም።»

እስክሪብቶና አዲስ ወረቀት ሰጧት። ቆማ ሞላችው። ነጥቡን አልደመረችውም።

ኮሪደሩ ላይ ጓደኞቿ ጓንት እያጠለቁ ነበር።

«ወዴት ነው፣ ዶክተሬ?» አላት ቢተው፣ አብሯት ተረኛ የነበረው ልጅ።

«ልተኛ» አለች እስከዳር። አንገቷን ቀና አድርጋ በመሐላቸው አለፈች።

ቢተው ከኋላዋ ሲያያት ቆየ። ከዚያ ጓንቱን አወለቀ፤ ወደ ዶክተሩ ቢሮ ገባና በሩን ዘጋው።