ለአባቱ ማዳመጫ የሠራው ሰው

መምህር ውብሸት በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን አንድ አባት መጣና፣ «ለልጄ የምነግረው እውነት ነው፤ አልሰማ ሲለኝ እጮኽበታለሁ። አሁን ጭራሽ ፊቱንም አያሳየኝም። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉት፦

አንድ ሰው ነበረ። ራዲዮና ቴፕ ይጠግናል፤ እጁ የተባረከ ነው ይሉታል። አባቱ ሸምግለው ጆሯቸው ደከመ። ሴት ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ቀስ ብላ ስትናገር ይሰሟታል፤ ሌላው ያመልጣቸዋል። ሰውየውም አባቱን ይወድ ነበርና ማዳመጫ ሊሠራላቸው ተነሣ።

ትንሽ ማይክሮፎን፣ ሁለት ትራንዚስተር፣ አንድ ባትሪ። የመጀመሪያው ትራንዚስተር ከማይክሮፎኑ የመጣችውን ደካማ ድምፅ አጉልቶ ለሁለተኛው ያቀብላል፤ ሁለተኛው እንደገና አጉልቶ ወደ ጆሮ ይልካል። አባትየው ባደረጉት ጊዜ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ሰሙና አለቀሱ። ልጁም አለቀሰ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። የደከመ ጆሮ ግን ጠባዩ አስቸጋሪ ነው፤ ቀስ ያለው አይሰማውም፣ ጎላ ያለው ደግሞ ያመዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰርኪዩት ሲነደፍ ደካማውን ድምፅ የሚያነሣ ብቻ ሳይሆን ብርቱውን የሚገታ ክፍልም ይገባበታል። ሰውየው ይህን ያውቅ ነበር። «የሚገታ ካስገባሁበት ጉልበቱ ይቀንሳል» ብሎ ተወው።

እህቱ ግን አየች። በር ሲዘጋ፣ ሳህን ሲወድቅ የአባቷ ፊት ይጨማደዳል። ወንድሟ ሲወጣ ማዳመጫውን ነቅለው ጆሯቸውን በመዳፋቸው ይይዛሉ።

«ያማቸዋል እኮ!» አለችው።

«አንቺ ስለ ትራንዚስተር ምን ታውቂያለሽ?» አላት። ወደ አባቱም ዞሮ፣ «አባባ፣ ያምዎታል እንዴ?» አለ።

እሳቸው የልጃቸውን ፊት አዩና፣ «ኧረ ደህና ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

ጥቂት ቆይቶ አባትየው ሲጠሩ አልሰማ አሉ። ሰውየው «ጉልበት አነሰው» አለና ሦስተኛ ትራንዚስተር ጨመረበት። እሳቸውም ለልጃቸው ሲሉ ክረምቱን ሙሉ ታገሡት።

በመስከረም አንድ ጠዋት እህትየዋ እንደ ልማዷ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ ቁርስ እንዲበሉ ቀስ ብላ ነገረቻቸው። አባቷ አፏን እያዩ ፈገግ አሉ፤ አልመለሱም። ጠጋ ብላ ደገመችው። አሁንም ፈገግ አሉ። ወንድሟ ሮጦ ማዳመጫውን አደረገላቸውና «አባባ! አባባ!» እያለ ጮኸ። ምንም። ያቺ የቀረችው ጥቂት መስማት ሄዳለች።

ሰውየው ማዳመጫውን ፈትቶ በመሣሪያ ለካው፤ እንከን አልነበረበትም። ያን ጊዜ ጆሯቸውን የጨረሰው ጉልበቱ ራሱ መሆኑ ገባውና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አባትየው እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው፣ «ምን ሆነህ ነው፣ ልጄ?» አሉት። መልሱን ግን መስማት አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ።

መምህሩ ወደ ጠያቂው ዞሩ።

«የምነግረው እውነት ነው ብለሃል፤ አልጠራጠርህም። የዚያም ሰው ማዳመጫ አይዋሽም ነበር። አንተም ልጅህ ዝም ሲል ያልሰማ መስሎህ ጩኸት ጨመርክበት፤ እሱ ግን አሞት ነው ዝም ያለው። ያ ሰው መሣሪያውን ለካ እንጂ የአባቱን ጆሮ አልለካም።»

ጠያቂውም፣ «ዘግይቼ ከሆነስ?» አለ።

«እሱን የሚነግርህ ልጅህ ነው» አሉት መምህር ውብሸት። «ዛሬውኑ ሂድ። ስትደርስ ግን ቀድመህ አትናገር።»