ቤቱን ጭኖ የሄደው ዘውገ

በእኛ አገር አዲስ አበባ ዘልቆ የቤት ዋጋ ሰምቶ የተመለሰ ሰው ሳምንት ያህል ዝም ይላል። ዝምታው ሲረዝም ከአጠገቡ ያለ ሽማግሌ አንዲት አባባል ይወረውርለታል፤ ሰውየውም ፈገግ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። አባባሏን የሚያውቃት ብዙ ነው። ከአይሱዙ መኪና ላይ እንደወረደች የሚያውቁት ግን መንዝ ውስጥ ያለችው የጥድ አምባ ሰዎች ብቻ ናቸው።

ዘውገ ጥድ አምባ ላይ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቷል። ዐይኑ ሲደክም የስፌት መኪናውን ከደነና ስለ ልጁ ማሰብ ጀመረ። ስንዱ አዲስ አበባ በአንዲት የኪራይ ክፍል መንታ ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። «እናንተ ብትኖሩልኝ» ትላለች በስልክ፣ ሌላ አትጨምርም። ስለዚህ ቤቱን ሸጦ ከእሷ አጠገብ ቤት ሊገዛ ቆረጠ። ለሦስት ክፍል ቤቱ አራት መቶ ሺህ ብር የሚሰጥ ተገኘ። ጥሩ ዋጋ ነው ብሎ፣ እንዲጠብቀው ነግሮት፣ ደስ እያለው አዲስ አበባ ወረደ።

አንድ ደላላ ከስንዱ ሰፈር ቤት አሳየው። ግድግዳው ወደ ጎረቤት ዘሟል። ማገሩን ምስጥ በልቶታል። ዋጋው ስድስት ሚሊዮን ነው።

«መሬቱ ነው እንዲህ የተወደደው?» አለ ዘውገ።

ደላላው ግራ ቀኝ አየ። «ጋሼ፣ እንዲህ አይበሉ። መሬት አይሸጥም፣ የመንግሥት ነው። ውሉ ላይ የሚጻፈው ቤት ብቻ ነው።»

«ታዲያ ስድስት ሚሊዮኑ የዚህ ነው?» ብሎ ግድግዳውን በከዘራው ነካ አደረገው። ትንሽ ጭቃ ረገፈ።

«የእሱ ነው። ባይነኩት ደግሞ ጥሩ ነው።»

«የእኔ ቤት ከዚህ ይሻላል። ጥድ ነው። ባመጣውስ?»

«ካመጡትማ በዐሥር ሚሊዮን እሸጥልዎታለሁ» አለ ደላላው፣ ስልኩን እያነሳ።

ዘውገ በአውቶቡስ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ አሰላ። መሬት አይሸጥም፤ ሕግ ነው። የሚሸጠው ቤት ነው። የእኔ ቤት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። እንግዲህ ቤቴ ርካሽ የሆነው ርካሽ አገር ስለቆመ ነው። ሒሳቡ ላይ ስሕተት የሚያገኝ አልነበረም፤ ሰው የሚያጠፋውም እንዲህ ያለው ሒሳብ ነው።

ሚስቱ የሻረግ እስኪጨርስ ሰማችው። «አንተ ሰውዬ፣ ቤቱን ተሸክሞ የሚሄደው ኤሊ ነው። ሀብታም ኤሊ አይተህ ታውቃለህ?»

«ኤሊ አዲስ አበባ አልሄደም» አላት።

ቤቱን ያፈረሰለት ራሱ የሠራው አናጢ ነው፤ የእድሩ ዳኛ ባሻ ድልነሳው። ባሻ ነገሩ አልጣማቸውም፤ ሥራቸው ሲበላሽ ማየት ግን ከዚያ ይብስባቸዋል። ስለዚህ መልሶ ለሚያቆመው ሰው እንዲመች በእያንዳንዱ እንጨት ላይ በከሰል ቁጥር ጻፉ። ቆርቆሮው፣ በሩ፣ መስኮቱ፣ ምሰሶው አይሱዙ ላይ ተጫነ። የግድግዳው ጭቃ ክምር ሆኖ ቀረ። የሻረግ ባሻ ቤት ገባች፤ ዘውገ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ።

ደላላው ከነጭነቱ ሲያየው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ጋሼ፣ የት ሊያቆሙት ነው?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው።»

ደላላው አልሳቀበትም፤ ይህን ዘውገ እስካሁን ያመሰግነዋል። አሮጌ እንጨትና ቆርቆሮ ወደሚሸጥበት ተራ መራው። ነጋዴው መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ምሰሶውን በጣቱ አንኳኳ።

«ጥሩ ጥድ ነው። ለሁሉም ሠላሳ አምስት ሺህ።»

«ወንድሜ፣ አገሬ ላይ አራት መቶ ሺህ ተሰጥቶኛል።»

«አምናለሁ አባቴ። ሌላው እዚያው ቀርቷል።»

ዘውገ ይህን ሲሰማ ከዘራውን ተደግፎ ቆመ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ የሻረግ ናት። «ከማዘጋጃ ቤት ሰው መጥቶ ነበር። ቤት የሌለበት ቦታ ባዶ ነው፣ ነገ ለክተን ለሌላ እንሰጣለን ብሏል። አንተ ሰውዬ፣ እዚያም እዚህም ልናጣ ነው።»

ዘውገ እንጨት አላወረደም። ሹፌሩን «አዙረው» አለው። ሹፌሩም ለመመለሻው የነዳጁን ብቻ ጠየቀ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ሜትሩን ይዞ ሲመጣ፣ ባዶ የተባለው ቦታ ላይ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ሥሩ ሃያ ያህል ሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ካርታ ይጫወታል። የጭቃው ክምር ላይ ሳይቀር ሰው ተቀምጧል።

ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። «እግዚአብሔር ያጥናችሁ። ማን ሞቶ ነው?»

«ቤቱ» አሉት ባሻ።

«ቤት አይሞትም፣ ባሻ።»

«እንግዲያው መንገድ ሄዷል። እስኪመለስ እየጠበቅነው ነው። ተቀመጥ፣ እግርህን ያምሃል።»

ሰውየው ከሕጉም ከሰዉም ሳይጣላ ምን እንደሚያደርግ ሲያስብ፣ አይሱዙው በኩርባው ብቅ አለ። ከላዩ አረንጓዴው በር ይታያል፤ እጀታው እንኳ አልተነቀለም። ሰውየው በሩን አየ፣ መዝገቡን አየ፣ ሜትሩን ጠቀለለ። «ቤት አለ» ብሎ ጻፈና ከካርታ ተጫዋቾቹ አጠገብ ተቀመጠ።

የከሰሉ ቁጥር ያኔ ጠቀመ። ምሰሶው በሦስት ቀን ቆመ፤ ያው ጭቃ ተቦክቶ ያው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አጭሩ የጓዳ በር ብቻ በስሕተት ሳሎን ተገጥሟል፤ እስከ ዛሬም የገባ ሁሉ ጎንበስ ይላል። ስንዱ መንቶቹን ይዛ ለፋሲካ መጣች። ልትሄድ ስትል ልጆቹ ከጎረቤት ልጆች ጋር ከቤት ቤት ሲጫወቱ ጠፍተው ግማሽ ቀን ተፈለጉ። እሷም «እስከ ክረምት እዚሁ ይቆዩ» አለች።

ያን ቀን ማታ ዘውገ ስድስት ሚሊዮኑ አሁንም ከሆዱ አልወጣ ብሎት ባሻን ጠየቃቸው።

«ባሻ፣ እርስዎ አናጢ ነዎት። ያ ቤት ምስጥ የበላው ነው። ታዲያ ምኑ ነው ስድስት ሚሊዮን ያወጣው?»

«ከደጁ ምን ነበር?»

ዘውገ አሰበ። «ከፊቱ ታክሲ ይቆማል። ከጀርባው ሆስፒታል አለ። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው። የስንዱም ሥራ ቦታ በእግር ይደረሳል።»

«እኔና አንተ ከዚህ ብንነሳስ ምን ጥለን እንሄዳለን?»

ዘውገ ወደ ሳሎኑ አየ፤ የካርታዎቹ ሰዎች እዚያ ተቀምጠው በአጭሩ በር ይስቃሉ። ባሻ ከዘራቸውን አንስተው፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብለው እየወጡ፣ «አይ ዘውገ፣ ቤት ይጫናል፤ ሰፈር አይጫንም» አሉት።