አህዪት ቦቱን ያገናኘች ዕለት

አንድ ጊዜ፣ በአንድ ወንዝ ዳር ጫካ የሚኖሩ እንስሳት ወሬያቸው በሰው ቤት ማደሩ ቢያሳስባቸው የራሳቸውን የመልእክት መለዋወጫ አቋቋሙ። መልእክቱን ሁሉ ተቀብሎ የሚያድለውን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ አንበሳ ዋሻ ውስጥ አስቀመጡት፤ ጥገናውን ለታጋሿ አህዪት ሰጡ።

ዋርካ ላይ ሆና ጅብ እንዳይመጣ የምትቃኘው ጦጢት ግን ተማርራ ነበር። ወደ ወንዝ የሚወርደው ሁሉ «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» እያለ በስልክ ይጽፍላታል።

«እመት አህዪት፣ ለእያንዳንዱ ስመልስ ጣቴ አለቀ» አለቻት።

«ቦት የሚሉትን፣ በራሱ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ልሥራልሽ። ያየሽውን አንዴ ትነግሪዋለሽ፤ ለሁላችን እሱ ያደርሳል።»

አህዪት ቦቱን ዋርካው ሥር ባለ ኮምፒውተር ላይ ሠራችው። ከዋሻው ጋር የሚያገናኘው ዌብሁክ የሚሉት ነው፤ ቦቱ ወሬ ባገኘ ቁጥር ሄዶ የሚያንኳኳው አድራሻ ማለት ነው። አድራሻው ምስጢራዊ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉን የያዘ ማንም በቦቱ ስም መናገር ይችላል።

አድራሻውን ሞላችና ሞከረች። ዋሻው ዝም። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ዝም። በማለዳ የጀመረችው ሥራ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስም አልሰምር አላት። ውሃ የጠማቸው በጎች ደግሞ «አለቀ ወይ?» እያሉ ይመላለሳሉ።

ይህን ጊዜ ቀበሮ ለስለስ ብሎ መጣ። «እመት አህዪት፣ ደክሞሻል። አድራሻውን ከነቁልፉ ስጪኝና ልየው።»

«ቁልፍ ለሌላ ይሰጣል እንዴ?»

«ጎረቤትሽን ሌላ አልሽው?»

አህዪት አፈረች፤ ሰጠችው። ቀበሮ ስህተቱን ገና ሲያየው አውቆታል፤ ግን «እስቲ ሄጄ ላስብበት» ብሎ በቀጥታ ወደ ጅብ ጉድጓድ ወረደ።

«አያ ጅቦ፣ ምሳህ ዛሬ በእግሩ ይመጣል። ታፋውን ለእኔ ታስቀርልኛለህ። የቦቱን አድራሻ ከነቁልፉ አስተካክዬ አምጥቼልሃለሁ፤ ‹መንገዱ ሰላም ነው› ብለህ ጻፍ። ሌላ እንዳትጨምር።»

ጅብ እንደተባለው ጻፈ። ሆዱ ግን አላስቻለውም፤ ጥቂት ቃል ጨመረ።

አህዪት አድራሻውን ፊደል በፊደል ስታነብ ቆይታ ስህተቷን ያገኘችው በዚያው ሰዓት ነበር። አድራሻው «እዚሁ» ይላል። ዋሻው ውስጥ ሆና ነበር የቀዳችው፤ ዋሻው ደግሞ ራሱን «እዚሁ» ብሎ ይጠራል። ዋርካው ሥር ያለው ኮምፒውተር ግን «እዚሁ» ሲባል የገዛ በሩን ሲያንኳኳ ውሏል። የዋሻውን ስም ልትጽፍ ስትል ስልኳ ጮኸ። ቦቱ ነው የሚናገረው፦

«የወንዙ መንገድ ሰላም ነው። ኑ ጠጡ። የሰባ ይቅደም።»

መጀመሪያ ደስ አላት። ወዲያው ግን ነገሩ ገባት። ቦቱን ገና አላገናኘችውም፤ ቦቱም ቢሆን የሰባውን ከከሳው አይለይም። ቁልቁል ብታይ በጎቹ ግልገሎቻቸውን አስከትለው ግማሽ መንገድ ሄደዋል፤ ብትጮህም አይሰሟትም።

«ጦጢት፣ ጅቡ የት ነው ያለው?»

«መሻገሪያው አጠገብ ካለው ቁጥቋጦ ሥር ተጋድሟል። ጆሮው ይታየኛል።»

«ለቦቱ ንገሪው።»

አህዪት የድሮውን ቁልፍ ሰረዘች፤ አዲስ አወጣች፤ በ«እዚሁ» ፋንታም የዋሻውን ስም ጻፈች። ከዚያ ቦቱ የጦጢትን ወሬ እንዲልክ አዘዘችው።

ከታች፣ ፊት ፊት የምትሄደው በግ አንገት ላይ ስልኩ ጮኸ፦ «ጅብ መሻገሪያው ላይ አድፍጧል። ተመለሱ።» በጓ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ መንጋው ሁሉ ዞሮ ሽቅብ ሮጠ።

ጅብ «ውሸት ነው፣ ኑ» ብሎ ጻፈ፤ አልሄደለትም። ደጋገመው፤ ቁልፉ ተሰርዟል። ታፋውን ሊቀበል የመጣው ቀበሮ ያገኘው የተቆጣ ጅብ ነበር፤ ነፍሱን ለማትረፍ ሲሮጥ ጦጢት ከዋርካው ላይ አየችው።

አህዪት ሳሩ ላይ ተጋደመች። በጎቹ እያለከለኩ ከበቧት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ቁልፉን ለቀበሮ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች።

ፊት የነበረችው በግ ግልገሎቿን ቆጠረች። ሁሉም አሉ። «አሁንስ ዘግተሽዋል?»

«ዘግቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ጠጥተን ስንመለስ እናወራዋለን።»

ጥቂት ቆይቶ ቦቱ «ጅብ ቀበሮን እያሳደደ ከተራራው ማዶ ተሻግሯል፤ መንገዱ ሰላም ነው» አለ። አህዪት ከበጎቹ ጋር አብራ ወረደችና እስክትረካ ጠጣች።

ከዚህ የምንማረው ሥራ ሲጠናብን ምክር መጠየቅ ባያሳፍርም፣ የብዙዎች ደኅንነት የተቆለፈበትን ቁልፍ ግን በይሉኝታ ለማንም አሳልፈን መስጠት እንደሌለብን ነው።