አራት ጣት ከፍ በይልኝ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ። በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። ያለችው መኪና ናት፣ ያውም አሮጌ ላንድክሩዘር። ስለዚህ እኔ «ተረት ተረት» ስል እናንተ «ሞተሯን አስነሳት» በሉኝና እንሂድ።

በባቲ ከተማ እንድሪስ የሚባል ሹፌር ነበረ። እህቱ ዘምዘም ከወንዝ ማዶ፣ ዳገቱ ላይ፣ ወይራ አምባ የሚባል መንደር አግብታ ትኖራለች። በወንዙ መሻገሪያ ላይ አንድ ድንጋይ ተጋድሟል። ሥሩ ከምድር የተያያዘ ቋጥኝ ነው፣ ዶማ አይነቅለውም። አምና ዘምዘምን ምጥ ሲይዛት እንድሪስ ባዶ መኪናውን ግራና ቀኝ እያንገዳገደ እንደምንም ወጣ፤ እሷን ጭኖ ሲመለስ ግን የመኪናዋ ሆድ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ወደፊትም ወደኋላም እምቢ አለች። ሕፃኑ እዚያው ተወለደ፣ እዚያው ሞተ። ከዚያ ወዲህ እንድሪስ የእህቱን ዓይን ማየት አልቻለም።

ዘንድሮ ዘምዘም እንደገና ወሯ ገባ። እንድሪስ ድንጋዩን ለካ፣ መኪናዋንም ለካ። የጎደለው አራት ጣት ነው።

«አራት ጣት ብቻ ከፍ በይልኝ፣ እህቴን ላምጣብሽ» አላት መኪናዋን።

«እኔ ምን ገዶኝ» አለች መኪናዋ። «ግን ጀርባዬን የተሸከመው ባሌስትራ በማሽላ ጭነት ብዛት ተኝቷል። እሱ ካልቀና አልነሳም።»

መካሪ መቼ ይጠፋል? አንዱ ሹፌር «ታኮ ሸጉጥበትና ይነሳልሃል» አለው። ሌላው «አራት ጣት ምን ያደርግልሃል፣ ክንድ ሙሉ አንሳትና ከተማው ይይህ» አለው። እንድሪስ ሁለቱንም ሰምቶ ወደ ባሌስትራው ሄደ።

«ቅና፣ መኪናዋ ትነሳ» አለው።

«ታኮ ቁመት እንጂ ጉልበት አይሰጠኝም፤ ተጨማሪ ብረት ደርብብኝና እቀናለሁ» አለ ባሌስትራ። «ግን ስነጥር የሚይዘኝ አሞርዛተር አጭር ነው። ብቀና ወደታች ይጎትተኛል። እሱ ካልረዘመ አልቀናም።» ባሌስትራ አልቀናም አለ፣ መኪና አልነሳም አለች፣ ድንጋዩም እዚያው ተጋድሟል።

አሞርዛተሩን ጠየቀው። «እኔ ስረዝም እግሯ ወደታች ይወርዳል» አለ አሞርዛተር። «ያን ጊዜ የፍሬን ቱቦው ይበጠስና ቁልቁለቱን ያለ ፍሬን ትወርዱታላችሁ። ቱቦው ካልተዘረጋ አልረዝምም።» አሞርዛተር አልረዝምም አለ፣ ባሌስትራ አልቀናም አለ፣ መኪና አልነሳም አለች፣ ድንጋዩም እዚያው ተጋድሟል።

ቱቦውን ለመነው። ቱቦ ቀጭን ነው፣ ነገሩ ግን ወፍራም። «ከፍ ያለች መኪና በጠባብ ጎማ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብይዝላት ትገለበጣለች፤ ከዚያ ማን ሊወቀስ ነው? ጎማው ካልሰፋ አልዘረጋም» አለ። ቱቦ አልዘረጋም አለ፣ አሞርዛተር አልረዝምም አለ፣ ባሌስትራ አልቀናም አለ፣ መኪና አልነሳም አለች፣ ድንጋዩም እዚያው ተጋድሟል።

ወደ ጎማው ሄደ። «መስፋቱን እሰፋለሁ» አለ ጎማ፣ «ግን ከላዬ ያለው ጭቃ መከላከያ፣ የፓራፋንጎው ቆርቆሮ፣ ስታጠፍ ይቆርጠኛል። እሱ ቦታ ካልለቀቀ አልሰፋም።» ጎማ አልሰፋም አለ፣ ቱቦ አልዘረጋም አለ፣ አሞርዛተር አልረዝምም አለ፣ ባሌስትራ አልቀናም አለ፣ መኪና አልነሳም አለች፣ ድንጋዩም እዚያው ተጋድሟል።

ፓራፋንጎ ደግሞ ኩሩ ነው፣ ቀለም የተቀባ ሁሉ እንደዚያው ነው። «በልመና የሚታጠፍ ቆርቆሮ አይተህ ታውቃለህ? መዶሻ ካልመታኝ አልታጠፍም» አለው። ፓራፋንጎ አልታጠፍም አለ፣ ጎማ አልሰፋም አለ፣ ቱቦ አልዘረጋም አለ፣ አሞርዛተር አልረዝምም አለ፣ ባሌስትራ አልቀናም አለ፣ መኪና አልነሳም አለች፣ ድንጋዩም እዚያው ተጋድሟል።

መዶሻው ያለው ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ሙሔ ጋራዥ ነው። ሙሔ የመዶሻውን ራስ ብቻ አንስቶ አሳየው። እጀታው ተሰብሯል።

«ሌላ እንጨት ግጠምበታ!» አለ እንድሪስ።

«ባሕር ዛፍ ገጠምኩለት፣ ተሰነጠቀ። ዋንዛ ገጠምኩለት፣ ተቀነጠሰ» አለ ሙሔ። «ይሄ መዶሻ ከወይራ በቀር አይቀበልም። ወይራ ደግሞ ያለው እህትህ አገር ነው። በእግርህ ብትወጣ እስከ ቀትር ትመለሳለህ።»

«በእግሬ?» አለ እንድሪስ።

ሹፌር ከመሪው ከወረደ እግር እንዳለው ይረሳል ይባላል። የእንድሪስ ግን ሌላ ነው። «አምና ልጇን ድንጋይ ላይ ያስቀረሁባት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ባዶ እጄን ቤቷ ልግባ? መኪናዋ ሳትነሳ ዓይኗን አላይም» አለ። ሙሔም የመዶሻውን ራስ መልሶ አስቀመጠ።

ሰው አይሂድ እንጂ ቃል ይሄዳል። እንድሪስ ገበያተኛ ላከ፤ ወይራውም ከዳገቱ ላይ «የፈለገኝ መጥቶ ይቁረጠኝ፣ በመልእክተኛ እጀታ አልሆንም» ብሎ መለሰለት። እንድሪስም መኪናዋ ካልተነሳች አልሄድም እንዳለ ነው። እንግዲህ ይህንን ማን ይፈታዋል?

እንዲህ እንዳለ ስልኩ ጮኸ። አባ ይማም ናቸው፤ የወይራ አምባ ቅሬ ሽማግሌ፣ ለሐዘንም ለጭንቅም መንደሩን የሚጠሩት።

«እንድሪስ፣ እህትህን ምጥ ይዟታል። መኪናህ ተነሳች?»

«አልተነሳችም፣ አባ።»

«ምን ቀራት ልጄ?»

እንድሪስ ላብ በላብ ሆኖ ይዘረዝር ጀመር። «ወይራው እጀታ አልሆንም አለ፣ መዶሻው አልመታም አለ፣ ፓራፋንጎው አልታጠፍም አለ፣ ጎማው አልሰፋም አለ፣ ቱቦው አልዘረጋም አለ፣ አሞርዛተሩ አልረዝምም አለ፣ ባሌስትራው አልቀናም አለ፣ መኪናዋም አልነሳም አለች፣ አባ!»

አባ ይማም እስከ መጨረሻው አዳመጡት። እኔ ብሆን ገና ጎማው ላይ ሲደርስ ስልኩን ዘግቼበት ነበር።

«እሺ ልጄ» አሉ። «እኛ ቃሬዛ እያበጀን ነው። አንተ እስከ ድንጋዩ ድረስ ና።»

ያን ጊዜ የቅሬው ሰዎች ወይራውን ሊቆርጡ መጥረቢያ አነሡ። ወይራውም «ለመዶሻ እምቢ ብዬ ነበር፤ ለዚህችስ እምቢ አልልም» አለና ወደቀ። ሁለት ረጅም ቋሚ ወጣው፤ በመሃሉ ጠፍር ወጥረው ዘምዘምን አስተኟት፣ በአራት ሰው ትከሻ አንስተው ቁልቁል ወረዱ።

እንድሪስ ከድንጋዩ ወዲህ መኪናዋን አቁሞ ጠበቀ። ቃሬዛው በማዶ ብቅ ሲል እግሩ ከመኪናው ወረደ፤ እሱ ራሱ አላዘዘውም። ወንዙን ተሻገረና ከአንዱ ሰው ትከሻ ላይ ወይራውን ተቀበለ።

«ማነው የተቀየረው?» አለች ዘምዘም ከጋቢዋ ስር።

«እኔ ነኝ። እንድሪስ።»

ጋቢውን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ አየችው። ከዚያ «ቀስ በል ወንድሜ፣ ድንጋዩ ያዳልጣል» አለችው።

እንድሪስ ያን ድንጋይ እያለቀሰ ተሻገረ። መኪናዋ ላይ አስተኝተው ባቲ ጤና ጣቢያ አደረሷት። ሴት ልጅ ወለደች፣ ስታለቅስም እስከ በር ድረስ ተሰማ። ዘምዘም እስክትጠነክር ባቲ፣ እናቷ ቤት ቆየች።

አባ ይማም ግን ከመመለሳቸው በፊት ቃሬዛውን ከእንድሪስ ፊት አስቀመጡ። «ማምጣቱ የኛ ነበር፣ አምጥተናታል። መመለሱ ያንተ ነው። ይህ እንጨት ከኛ ጋር አይመለስም» አሉት።

እንድሪስ ቋሚውን ተሸክሞ ሙሔ ጋ ሮጠ። ከዚህ በኋላ ጉዱን እዩ! ወይራው እጀታ ሆነ፣ መዶሻው ፓራፋንጎውን መታ፣ ፓራፋንጎው ታጠፈ፣ ጎማው ሰፋ፣ ቱቦው ተዘረጋ፣ አሞርዛተሩ ረዘመ፣ ባሌስትራው ቀና፣ መኪናዋም ተነሳች። አራት ጣት፤ ከዚያ አልበለጠችም።

የመመለሻው ቀን ዘምዘም ልጇን ታቅፋ ከኋላ ተቀመጠች። «ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ንገረኝ» አለችው። «ወርጄ በእግሬ እሻገራለሁ። በመኪና ሆኜ አላየውም።»

«እነግርሻለሁ» አለ እንድሪስ።

ወንዙ ጋ ሲደርስ መኪናዋን አቀዝቅዞ በመስታወቱ ወደኋላ አየ። ዘምዘም አፏን ከፍታ ተኝታለች፣ ሕፃኗም ደረቷ ላይ ተኝታለች። እንድሪስ ማርሹን ቀነሰ። አልቀሰቀሳትም። የፊቱ ጎማ ወጣ፣ የኋላው ወጣ፣ ድንጋዩ በመኪናዋ ሆድ ስር አለፈ፤ ምንም አልነካ።

ዳገቱን ሲያጋምሱ ዘምዘም ብንን አለች።

«ድንጋዩ ገና ነው?»

«አልፈነዋል።»

ዘወር ብላ በኋላው መስኮት ቁልቁል አየች፣ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ልጇን በወንድሟ ትከሻ በኩል ወደፊት አቀረበችለት።

«አቁምና ያዛት» አለችው። «እስካሁን አልያዝካትም።»

ተረቴ ደረሰች፣ ተሳፋሪ ይውረድ፤ ለቀረው ደግሞ የወረደው ይንገረው።